ትራውት ከማምጣት ነጭ ዓሣን ማቆየት

በስኮትላንድና በአየርላንድ ነፋስ የሚመታው ሐይቅ ለዓሣ አጥማጅ የተመረጠ ቦታ ነው። ሰዎቹ ከላባና ከክር የተሠራ ዝንብ መሳይ መንጠቆ ይዘው ጀልባቸውን ጎኗን ለነፋሱ ይሰጧታል፤ ነፋሱ ቀስ እያለ ሲገፋቸው ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ሲያጠምዱ ይውላሉ። ለዚያ አንድ ቀን የጀልባ ኪራይ፣ የፈቃድ፣ የመሪና የማረፊያ ገንዘብ ይከፍላሉ። ገበያው የዓሣው ሥጋ አይደለም፤ ሐይቅ ላይ የዋሉት ቀን ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ወደ አዊ ምድር ተመልክቶ ጥያቄ ቢያነሳ አይፈረድበትም። ደጋው ብርዳማ ነው፤ ምንጩ ብዙ ነው፤ ዘንገና ሐይቅም ከእንጅባራ አጠገብ፣ አዲስ አበባን ከባሕር ዳር ከሚያገናኘው አስፋልት ዳር ይገኛል። ታዲያ ትራውት አምጥተን ለምን አናረባም? ጥያቄው ለአዲስ ቅዳም፣ ለእንጅባራና ለዳንግላ ወጣቶች ሥራ ከሚመኝ ልብ የሚወጣ ስለሆነ በቁም ነገር ሊመረመር ይገባዋል። ሲመረመር ግን መልሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደናል። በነፋሻማ ሐይቅ ላይ ከጀልባ የሚጠመድ፣ ዓለም ሊመጣለት የሚገባ ዓሣ አለን፤ እሱም የጣና ነጭ ዓሣ ነው። የጎደለን እንግዳ ዓሣ ሳይሆን የራሳችን ዓሣ የሚወለድባቸውን ወንዞች የመጠበቅ ትጋት ነው። ከእነዚያ ወንዞች ጥቂቶቹ ደግሞ ውሃቸውን የሚያገኙት ከአዊ ኮረብታዎች ነው።

ነገሩን ከነፋሱ እንጀምር። ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲነፍስ የውሃው ገጽ ይሸበሸባል፣ ብርሃኑም ይሰባበራል፤ ዓሣው ጀልባውንና ክሩን አጥርቶ ስለማያይ ፍርሃቱን ትቶ ወደ ላይ ይወጣል። ከዳር ካለው ሣርና ዛፍ ነፍሳት እየተነሱ ውሃው ላይ ይወድቃሉ፤ ነፋሱ በሚገፋበት ዳርቻም ምግብ ይከማቻል። ማዕበሉ ደግሞ የላዩን ውሃ ከታቹ ጋር እያማታ ኦክስጅን ወደ ታች ያወርዳል። ፀጥ ያለ ሐይቅ ለዓይን ቢያምርም፣ አጥማጁ በለሆሳስ የሚናወጠውን የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሐይቁ ለነፋስ ገላጣ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ነፋሱ ሊያማታው የሚችል ሲሆንና ዓሣውን የሚተካ መራቢያ ሲኖር ነው። ስለ ትራውትም ሆነ ስለ ሌላ ዓሣ ስናስብ ሐይቁን በእነዚህ ሦስት መለኪያዎች ማየት ይኖርብናል።

ትራውት ቀዝቃዛና ኦክስጅን የጠገበ ውሃ ይፈልጋል። ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ሙቀት ይስማማዋል፤ ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል፤ 25 ሲደርስ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። እንቁላሉን የሚጥለው በሚፈስ ውሃ ውስጥ፣ ጠጠር ባለበት ወለል ላይ ስለሆነ ሐይቅ ውስጥ የሚኖር ትራውት እንኳ ለመራባት የሚገባበት ወንዝ ያሻዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ዓሣ የሰመረበት ቦታ ባሌ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ከኬንያ የመጡት ቡናማውና ቀስተ ደመናማው ትራውት በዲንሾ አካባቢ በሚያልፈው ወይብ ወንዝ፣ በዳንካና በሻያ ለምደው ተራብተዋል፤ ለስፖርት የሚያጠምዱ እንግዶችም ለዓመታት ተመላልሰውባቸዋል። የባሌው ስኬት የሚያስተምረን ግን አንድ ግልጽ ነገር ነው፤ ዓሣውን ያኖረው ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰው የደጋ ወንዝ እንጂ ብርዱ ብቻ አይደለም።

ዘንገና በዚህ ሚዛን ሲታይ የሚፈለገውን አያሟላም። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ጎድጓዳ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ከ100 ሜትር ያልፋል፤ ወንዝ አይገባበትም፣ አይወጣበትምም። ስለዚህ ትራውት ቢጨመርበት ዘር ሊተካ አይችልም፤ በየጊዜው ከማራቢያ ጣቢያ ጫጩት እየገዙ መጨመር የግድ ይሆናል። ሐይቁን ዙሪያውን የከበበው ዳገትና ደን ውበቱ ቢሆንም ነፋሱንም የሚከልለው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ጥልቅና የተከለለ ሐይቅ ውሃው ተደራርቦ ይቀመጣል፤ ከሥር ያለው ውሃ ኦክስጅን እያጣ ይሄዳል። በቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ላይ በብርዳማው ወቅት የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ከታችኛው ጋር ሲገላበጥ ዓሣ በብዛት እየሞተ ሲንሳፈፍ የታየበት ጊዜ አለ። ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ይህን አደጋ ወደ እንጅባራ መጋበዝ ጥበብ አይደለም። ዘንገና ደኑ፣ ወፎቹና ፀጥታው የሚበቁት የጉብኝት ስፍራ ነው፤ ሰው ሊያየው እንዲመጣ ዓሣ መሸከም አይጠበቅበትም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ሐሳብ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ዘንገና ካልሆነ ወንዞቹ ላይ እንሞክር የሚል ሰው አይጠፋም፤ ትራውት የሚወደው የሚፈስ ውሃ ነውና። ችግሩ እዚህ ላይ ይከፋል። የአዊ ጅረቶች አንድ ክፍል ወደ ግልገል አባይ፣ ከዚያም ወደ ጣና የሚወርድ ነው። ትራውት ሊራባበት የሚችለው ጠጠራማ ወራጅ ውሃ እንግዲህ ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ከሚጥልበት የውሃ መረብ ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው። ትራውት ደግሞ የትናንሽ ዓሦች አዳኝ ነው። ቆላማው ውሃ ስለሚሞቅበት ጣና ድረስ ወርዶ ባይኖርም፣ በላይኛው ጅረት ያሉትን አገር በቀል ዓሦች ከመብላት የሚያግደው ነገር የለም። አጥር የሌለው ቤት ውስጥ የገባ እንግዳ ዓሣ ደግሞ አንዴ ከገባ በኋላ ማንም መልሶ አያወጣውም። አበው «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ያሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ከሌላው ዓለም የምናገኘው ማስረጃም ይህንኑ ይደግፋል። በኒውዚላንድ ታውፖ ሐይቅ ላይ ትራውት የተጨመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ሲሆን ዛሬ ዝነኛ የማጥመጃ ስፍራ ነው፤ ጥቅሙን መካድ አይቻልም። ሆኖም ማኦሪዎች ይመገቡት የነበረው ኮአሮ የተባለ አገር በቀል ዓሣ በትራውቱ ተበልቶ ተመናመነ፤ ትራውቱም ራሱ የሚበላው አጥቶ ከሳ፤ ኋላም እሱን ለመመገብ ሌላ ትንሽ ዓሣ አምጥቶ ሐይቁ ውስጥ መጨመር ግድ ሆነ። በፔሩና በቦሊቪያ መካከል ባለው ቲቲካካ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የገባው ትራውት፣ ኡማንቶ የተባለው የሐይቁ ብርቅዬ ዓሣ ከምድር ለመጥፋቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነው። ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው ግን የፊሊፒንሱ ላናኦ ሐይቅ ነው። ላናኦ እንደ ጣና ሁሉ ከአንድ ዘር የወጡ የካርፕ ወገን ዓሦች በብዙ ዝርያ የተከፋፈሉበት ሐይቅ ነበር። በሰው እጅ የገቡ እንግዳ ዓሦች፣ ከመጠን ያለፈ ማስገርና አጥፊ የማጥመጃ ዘዴ ተባብረው ፈጁት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ17ቱ የላናኦ ብርቅዬ ዝርያዎች 15ቱ ፈጽመው መጥፋታቸውን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው ትልቅ የዓሣ ቤተሰብ ሳይፈርስ የቀረው በጣና ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ሊነሳ የሚችል ብርቱ ተቃውሞ አለ። ድንችም ከውጭ የመጣ ነው፤ ዛሬ የአዊ ገበሬ ጉሮሮና ገበያ ነው። ዲከረንስም ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፤ አሲድ የበዛበትን የፋግታ ለኮማ ወረዳን መሬት መልሶ አልብሶታል፤ በከሰሉም የብዙ አርሶ አደር ቤት ቆርቆሮ ሆኗል፣ ልጆችም ተምረውበታል። መጤ ሁሉ ክፉ ነው ማለት እንግዲህ አይቻልም፤ እኔም አልልም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ዛፍ በተተከለበት ይቆማል፣ ባለቤት አለው፣ በአምስት ዓመት ገደማ ይቆረጣል፤ አላዋጣ ካለም ይነቀላል። ዓሣ ግን ባለቤት በሌለው ውሃ ውስጥ ይሄዳል፤ መንቀያም የለውም። ዲከረንስ ራሱም ቢሆን ሌላ ትምህርት ሰጥቶናል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የገባው ዝገት መሳይ በሽታ ተስፋን ሁሉ በአንድ መጤ ዝርያ ላይ መጣል ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ለአዲስ ቅዳም ገበሬ አሳይቶታል። ይህን ያየ ሕዝብ ሁለተኛውን ውርርድ ውሃው ላይ ሊወራረድ አይገባውም።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ገላጣ ሐይቅ ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 8 ሜትር፣ እጅግ የጠለቀው ቦታም 14 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ውሃው ከላይ እስከ ታች ይማታል። ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ለትራውት አይሆንም፤ ለነጭ ዓሣ ግን ቤቱ ነው። ሊቃውንት በጣና ብቻ የሚገኙ 15 የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ለይተዋል። አንዱ ቅጠላ ቅጠል ይመገባል፣ ሌላው ከጭቃ ውስጥ ትሎችን ይለቅማል፣ ስምንቱ ደግሞ ሌሎች ዓሦችን አሳደው ይበላሉ። ይህ የመጨረሻው ለሳይንስ እንቆቅልሽ ነው፤ የካርፕ ወገን ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ ስለሌለው አዳኝ መሆን አይጠበቅበትም ነበርና። አዳኝ ዓሣ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ማታለያ አይቶ የሚነክስ፣ ከተያዘም በኋላ የሚታገል ነው። ነፋስ በሚገፋት ጀልባ ላይ ሆኖ በዘንግና በመንጠቆ ማጥመድ የሚወድ ሰው ትራውትን በብዙ አገር ያገኘዋል፤ እነዚህን ስምንት አዳኞች ግን ከጣና በቀር የትም አያገኛቸውም። ሰው ለብርቅ ነገር ይጓዛል፣ ይከፍላልም፤ በብዙ አገር ያለውን ትራውት እዚህ ማምጣት ግን ብርቅነትን አይፈጥርም።

ይህ ሀብት ግን እየሳሳ ነው። ከነጭ ዓሦቹ ቢያንስ ሰባቱ ክረምት ሲገባና ወንዞች ሲሞሉ ሐይቁን ትተው ወደ ግልገል አባይ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ የሚወጡ ናቸው፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በገባሮቹ ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። በአንድ ጊዜ፣ በታወቀ መንገድ፣ በጠባብ ወንዝ አፍ ስለሚያልፉ መረብ ለዘረጋ ሰው ቀላል ሲሳይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በጣና ከተስፋፋ በኋላ ጫናው በረታ። በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል በተደረገ ክትትል እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት የነጭ ዓሣው ብዛት በ75 በመቶ፣ የጫጩቶቹ ደግሞ በ90 በመቶ ገደማ ማሽቆልቆሉ ተመዝግቧል። በላይኛው ወንዝ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መጨመር ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ አብሮ ያደነዝዛል። ርብና ቆጋ ላይ የተሠሩት ግድቦች ለመስኖ ያስገኙት ጥቅም እውነት ነው፤ የቆጋው ብቻ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ የታሰበ ነው። ሆኖም ግድብ ሲሠራ ወደ ላይ የሚወጣው ዓሣ መንገድ እንዳለው የሚያስብ ቢሮ ሊኖር ይገባል።

አዲስ ቅዳም በዚህ ነገር ውስጥ ምን አገባት የሚል ካለ፣ መልሱ በአፈሩና በውሃው ውስጥ ነው። የፋግታ ለኮማና የዳንግላ ዳገቶች የሚያፈሱት ውሃ በክልቲና በሌሎች ገባሮች በኩል ግልገል አባይን ይቀላቀላል። ግልገል አባይም ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ ነው። ዳገቱ ሲራቆት አፈሩ ይወርዳል፤ ደለሉ የጠጠሩን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ በጠጠሩ መካከል የተቀመጠ የዓሣ እንቁላልም አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ዳገቱ ዛፍ ሲለብስ፣ እርከን ሲሠራለት፣ የወንዙ ዳር ከእርሻና ከልቅ ግጦሽ ሲጠበቅ ውሃው ጠርቶ ይወርዳል። የፋግታ ለኮማ ገበሬ መሬቱን በዛፍ መሸፈን እንደሚችል ለአገር ሁሉ አሳይቷል፤ የሚቀረው የዛፉ ቆረጣ የወንዝ ዳርን እንዳያራቁት፣ ከዲከረንስ ጎንም አገር በቀል ዛፎች እንዲተከሉ ማድረግ ነው። ከሐይቁ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚኖር ሕዝብ የጣና ዓሣ ጠባቂ ሊሆን የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ሰው ሳይጠግብ ስፖርት ምንድን ነው የሚለውን ተቃውሞ በቀላሉ አላልፈውም። ነጭ ዓሣ፣ ቆሮሶና አምባዛ ለብዙ ቤተሰብ የዕለት ጉርስ ናቸው፤ በዓቢይ ጾም ወራትም ገበያው ይደራል። እኔም አስጋሪው መረቡን ጥሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ አልልም። የምለው ግን ያለው ዓሣ በኪሎ ብቻ ሲሸጥ አስጋሪው እየቸገረው ይሄዳል ነው። ብዙ ዓሣ ባነሰ ዋጋ ከማውጣት ይልቅ አንድን ዓሣ በመንጠቆ ለማጥመድና ብርቅ የሆኑትን ዝርያዎች ወደ ውሃው ለመመለስ የሚከፍል እንግዳ ለአስጋሪው ሁለተኛ ገቢ ነው። መንጠቆ የሚይዘው አንድ በአንድ ነው፤ የተያዘውም በእርጥብ እጅ፣ ሳይዘገይ ከተለቀቀ የመትረፍ ዕድል አለው፤ መረብ ግን የያዘውን አይመርጥም። ቆሮሶና አምባዛ ለማዕድ፣ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች ደግሞ በመራቢያቸው ወራት ከመረብ ነፃ ቢሆኑ ሁለቱም ጥቅም ይጠበቃል። ለዚህ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያሻም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ የሚያስፈልገው በወንዝ አፎች ላይ በክረምት የሚቆም ጠባቂና ከአስጋሪዎቹ ጋር የተደረገ ስምምነት ነው።

ነፋሱን ስናነሳ የሰውን ሕይወት መርሳት አይገባም። በጣና ላይ ጠዋት ጋብ ያለው ውሃ ከሰዓት በኋላ በነፋስ ሲነሳ ለትንሽ ጀልባ አስፈሪ ነው። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ትውልድ ሲወርድ ሲዋረድ በደንገል ታንኳ የኖሩት ወይጦዎችና የደሴቶቹ ቀዛፊዎች ናቸው። የማጥመጃ ጉዞ ቢጀመር መሪዎቹ እነሱ ሊሆኑ ይገባል፤ ከየትኛው የባሕር ወሽመጥ ምን ዓሣ እንደሚገኝ፣ መቼ ወደ ዳር መመለስ እንደሚበጅ የሚነግረው የእነሱ ዕውቀት ነው። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ተንሳፋፊ ሰደርያ፣ ለእያንዳንዱ ጀልባ የመጫኛ ልክ፣ ለከሰዓቱ ነፋስ የመመለሻ ሰዓት መወሰን የቅንጦት ነገር አይደለም። ለእንግዳው የተገዛው ሰደርያ ለአስጋሪውም ልጅ ይተርፋልና።

በመጨረሻም፣ በዚህ ጊዜ ቱሪስት የት አለ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ክልላችን ባሳለፋቸው የመከራ ዓመታት የእንግዳ መንገድ ተዘግቷል፤ ብዙ ጀልባም ያለ ሥራ ቆሟል። ነገር ግን የወንዝ ዳር ጥበቃ፣ የክረምት መረብ እገዳና የብርብራን ጉዳት ማስተማር እንግዳን አይጠብቁም። ዛሬ ከመረብ የተረፈ ጫጩት አድጎ እንቁላል እስኪጥል ዓመታት ይፈጅበታል፤ ሰላም ሲሰፍን ዓሣ እንዲኖር ከተፈለገ ሥራው አሁን መጀመር አለበት። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለውን አረም ሲታገል ኖሯል። ለእምቦጩ ሕዝብ በሺዎች ወጥቶ አርሟል። ከላይ ተራራው ላይ ላለው፣ ዓይን ውስጥ ለማይገባው ጉዳትም ያን ያህል ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው የሐይቁ ጉዳት ምንጭ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ለአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ ለባሕር ዳር የዓሣ ተመራማሪዎችና ለክልሉ የግብርና ኃላፊዎች የማቀርበው ሐሳብ ግልጽ ነው። ወደ ዘንገናም ሆነ ወደ ግልገል አባይ ገባሮች ምንም ዓይነት እንግዳ ዓሣ እንዳይጨመር ይወሰን። ለማራቢያ ጣቢያ ሊወጣ የሚችለው ገንዘብ በክልቲና በግልገል አባይ ዳርቻ ለሚተከል ዛፍ፣ በወንዝ አፍ ለሚቆም ጠባቂ፣ ለአስጋሪ ወጣቶች የመሪነት ሥልጠና ይዋል። ከአዲስ ቅዳም፣ ከእንጅባራና ከዳንግላ የሚወጡ ወጣቶችም በጀልባ መሪነት፣ በማረፊያ አገልግሎትና በወንዝ ጥበቃ ድርሻ እንዲኖራቸው የትብብር ማኅበር ይመሥርቱ። ላናኦ ዓሦቹን አጥቷል፤ ገንዘብም ምርምርም አይመልሳቸውም። ጣና ገና አላጣም፤ ገና እጃችን ላይ ያለን ነገር ማዳን የጠፋን ከመፈለግ ይቀላል፤ ለዚህም የመጀመሪያው ሥራ የሚሠራው ከእኛ ዳገት ላይ ነው።